ሥራችን ይመስክር ካልን፣ ይታይ

ከቀዶ ሐኪሞች ጋር ስለ ቦርድ ሰርተፊኬት እድሳት ያወጋ ሰው የሚሰማው ምሬት አንድ ዓይነት ነው። ሃያ ዓመት ሆድ ከፍቼ የዘጋሁ ሰው ዛሬ ኮምፒውተር ፊት ተጎልቼ ጥያቄ የምመልሰው ለማን ብዬ ነው? ቦርዱ ገንዘብ ፈልጎ ነው። በሽተኛዬ ያውቀኛል፣ ባልደረቦቼ ያውቁኛል፣ ሥራዬ ይመሰክርልኛል። ይህን ቨርጂኒያ የሚሠራውም አዲስ አበባ ያለውም፣ ነጩም ሐበሻውም፣ አንጋፋውም ትናንት የተመረቀውም ይለዋል። ከመደጋገሙ የተነሳ አሁን አሁን ማስረጃ የማይጠየቅበት ነገር ሆኗል።

እኔም እንጀራዬ ከዚሁ ሙያ ስለሆነ ምሬቱ ይገባኛል። ክሱን ግን አልቀበለውም። እድሳቱ በዛ ይባላል፤ እኔ አነሰ እላለሁ። ሰርተፊኬታችንን ለማቆየት ክፍያ፣ ፎርም፣ የትምህርት ሰዓት፣ ጥያቄና መልስ እንጠየቃለን። ቢላ ይዘን ስንሠራ የሚያየን ግን የለም። ሥራዬ ይመስክር የሚል ሰው ምስክሩ ቀርቦ የሚሰማበትን ቦታ መፍራት የለበትም። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ባጭሩ ላንሳ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። አሜሪካ ውስጥ የሕክምና ፈቃድ የሚሰጠው ክፍለ ግዛቱ ነው። ፈቃዱ ባለቤቱ ሐኪም መሆኑን ይናገራል እንጂ የልብ ይሁን የአጥንት፣ ቀዶ ሐኪም ይሁን የቆዳ ሐኪም አይለይም። ያን የሚለየው ቦርድ ነው፤ ቦርድ ደግሞ ሐኪሞች ራሳቸው ያቋቋሙት፣ ከመንግሥት ውጭ የቆመ ድርጅት ነው። የዓይን ሐኪሞች ቀድመው በ1916 ጀመሩት። የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ቦርድ በ1937 ሲቋቋም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር የሴንት ሉዊሱ ኤቫርትስ ግርሃም ነበር፤ ከአራት ዓመት በፊት የአንድን ሰው ሙሉ ሳንባ አውጥቶ በሽተኛው የዳነለት ሰው። የዚያ ዘመን ጭንቀት ማንም ጠቅላላ ሐኪም ቢላ አንስቶ ሆድ መክፈት መቻሉ ነበር። ስለዚህ የሠለጠነውን ካልሠለጠነው መለየት ያስፈልግ ነበር፤ ቦርዱም ለየ። አንዴ የተለየ ግን ዕድሜ ልኩን ነው። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ባለቤቱ ጡረታ ሲወጣ አብሮ ይወርዳል።

በ1976 ቦርዱ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ሰርተፊኬት ለአሥር ዓመት ብቻ እንዲያገለግል ወሰነ። ቀድመው የወሰዱት ግን አልተነኩም፤ የእነሱ እስከ ዕለተ ሞት ጸና። ሕግ አውጪ ራሱን ነፃ አውጥቶ በታናሹ ላይ ሲደነግግ አዲስ ነገር ባይሆንም፣ የዛሬው ቂም ግማሹ ከዚያ የተረፈ ይመስለኛል። በ2005 ደግሞ አሥር ዓመት መጠበቁ አይበቃም፣ ሐኪሙ በየመሃሉ ይከታተል ተባለና ጣጣው በዛ። በመጨረሻ ምሬቱ ሲበረታ በ2018 የአሥር ዓመቱ ፈተና ቀርቶ በየሁለት ዓመቱ የሚሠራ 40 ጥያቄ ተተካ።

ይህን 40 ጥያቄ ቀረብ ብለን እንየው። የሚሠራው ቤት ቁጭ ብሎ፣ በራስ ኮምፒውተር፣ መጽሐፍ ከፍቶ ነው። ግማሹ ስለ ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል፣ ግማሹ ሐኪሙ ራሱ ከመረጠው ዘርፍ ይመጣል። የትኞቹ ርዕሶች እንደሚነሱና ምን ማንበብ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ይነገራል። አንዱን ጥያቄ የሳተ ሰው ማብራሪያ ተሰጥቶት ድጋሚ ይሞክረዋል። ማለፊያው ከመቶ 80 ነው። ልጆች ከተኙ በኋላ ሻይ አፍልቶ የሚጨረስ ነገር ነው። ጥያቄዎቹ መጥፎ አይደሉም። የጡት ካንሰር መመሪያ ተለውጦ ከሆነ ይነግሩሃል፤ ለየትኛው የአንጀት ቁስለት ቀዶ ሕክምና እንደማያስፈልግ ያስታውሱሃል። ሰው ይማርባቸዋል፣ እኔም ተምሬባቸዋለሁ። ከዚህ ሌላ የውጤት መዝገብ ውስጥ መሳተፍ ግዴታ ነው። መሳተፍ ግዴታ ነው አልኩ፤ መዝገቡ ስለ ሐኪሙ ምን እንደሚል ጠይቆ ሰርተፊኬት የሚከለክል የለም።

እጅስ? ቦርዱ እጅን ጨርሶ አላየም ማለት አይቻልም። ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ የስፔሻሊቲ ሥልጠናውን (ሬዚደንሲ) የጨረሰ ወጣት ለቦርድ ፈተና ከመቅረቡ በፊት የላፓሮስኮፒ መሠረታዊ ክህሎት ፈተና ማለፍ አለበት። ካሜራ የተገጠመለት ሣጥን ፊት ይቆምና ስክሪን እያየ፣ በረጃጅም መያዣዎች ትንንሽ ዕቃዎችን ከችካል ወደ ችካል ያዛውራል፣ በፋሻ ላይ የተሣለ ክብ ሳይስት ይቆርጣል፣ ክር ይቋጥራል። ሰዓት ይያዝበታል። በኋላ ተመሳሳይ የኢንዶስኮፒ ፈተና ተጨምሯል። ከዚያ ወዲያ፣ ሠላሳና አርባ ዓመት በሚዘልቅ የሥራ ዘመን፣ ቦርዱ ያን እጅ ደግሞ አይጠይቀውም። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት የተመረቁት ደግሞ አንድ ቀንም አልተጠየቁም። ሠላሳ ዓመት የሆነው ልጅ እጁን አሳይቶ ሲገባ፣ ስድሳ የሞላው አለቃው ታይቶ አያውቅም ማለት ነው። ጠጅ የጣለችን ሴት ስለ ጌሾ ጠይቆ የሚመለስ ሰው የለም፤ ይቀዳና ይቀመሳል። እኛ ግን ጌሾውን ብቻ ስንጠያየቅ እንኖራለን።

ለተቃዋሚዎቹ የሚገባቸውን አልነፍግም። ትልቁን አመፅ ያስነሱት የውስጥ ደዌና የልብ ሐኪሞች ናቸው። የካሊፎርኒያው የልብ ሐኪም ፖል ቲርስታይን በ2014 ያዘጋጀው አቤቱታ በሺዎች ተፈረመ፤ በየካቲት 2015 የውስጥ ደዌ ቦርዱ ኃላፊ ወጥቶ ሐኪሞችን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቲርስታይንም በዚያው ዓመት ተፎካካሪ ቦርድ አቋቋመ። በ2016 ኦክላሆማ ሐኪምን በእድሳት ሰበብ ፈቃድ መከልከልን የሚያግድ ሕግ በማውጣት ከቀዳሚዎቹ አንዷ ሆነች። ማስረጃም አላቸው። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የሚሠሩ የውስጥ ደዌ ሐኪሞችን አነፃፅሮ፣ የዕድሜ ልክ ሰርተፊኬት ባላቸውና ማደስ በሚገደዱት መካከል በ10 መለኪያዎች ልዩነት አላገኘም።

በቀዶ ሐኪሞች በኩል ቦርዱ የሚያነሳው ጥናት በ2018 የታተመው ነው፤ ሰርተፊኬታቸውን ያቆዩ ቀዶ ሐኪሞች ፈቃዳቸውን የመነጠቅ ዕድላቸው ካላቆዩት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱን ያካሄዱት የቦርዱ ሰዎች መሆናቸው ብቻውን ውድቅ አያደርገውም። ግን ፈቃድ ምን ሲደረግ ነው የሚነጠቀው? በመጠጥ፣ በሱስ፣ በማጭበርበር፣ በሽተኛን በማዋረድ ጭምር ነው። ሥርዓት ያለው ሰው ወረቀቱንም በጊዜው ያድሳል፣ ከፈቃድ ሰጪውም ጋር አይጣላም። ከዚህ ተነስቶ ስፌቱ ይጠብቃል ወይስ ይፈታል ማለት አይቻልም። እንግዲህ ጥያቄና መልሱ ደካማ ሚዛን ነው በሚለው ተስማምተናል። ተቃዋሚዎቹ ግን ከዚያ ተነስተው ሚዛን ይቅር ይላሉ። እዚህ ላይ ነው የምለያቸው።

«ባልደረቦቼ ያውቁኛል» በሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እውነት ስለሆነ። የኦፕሬሽን ክፍል ነርሶችና የሰመመን ባለሙያዎች ሁሉን ያውቃሉ። የማን ሥራ በሰዓቱ እንደሚያልቅ፣ የማን በሽተኛ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ይዞት እንደሚመለስ፣ ደም ሲፈስ ማን ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደሚሠራና ማን በዙሪያው ያለውን ሰው እንደሚሳደብ ያውቃሉ። እናቷ የሐሞት ጠጠር የታመመችባት ነርስ ሐኪም ለመምረጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት አትቆጥርም። እኛም እንደዚያው ነን። ዘመድ ሲታመም ከአዲስ አበባም ከዋሽንግተንም ስልክ ይደወላል። «ወንድሜ፣ ማን ጋ ልውሰዳት?» እንባላለን፣ አንድ ስም እንጠራለን። «እገሌስ? ቅርባችን ነው፣ ስፔሻሊስት ነው ይሉታል» ሲባል ትንሽ ዝም እንላለን። ደዋዩ ከዝምታችን ይረዳል። ያ ዝምታ የተሟላ የብቃት ምዘና ነው፤ ከየትኛውም የቦርድ ፈተና የጠለቀ፣ በዓይን አይቶ የተገኘ። ችግሩ የሚደርሰው ስልክ ላለው ብቻ መሆኑ ነው። ሐኪም ዘመድ የሌለው በሽተኛ «እገሌ» ጋ ሄዶ ይተኛል፤ ወረቀቱ ተሰቅሎ ያየዋል፣ ይተማመናል። እኛ ለራሳችን ቤተሰብ የምንጠቀምበትን እውቀት ለሌላው ሕዝብ ከልክለን ሳለ፣ ስለ ቦርድ ክፍያ መማረራችን አይከብድም?

ይህ የዓይን እውቀት ሊለካ እንደሚችል ደግሞ ታይቷል። ሚሺጋን ውስጥ ለውፍረት ሕክምና የጨጓራ ቀዶ ጥገና የሚሠሩ 20 ሐኪሞች እያንዳንዳቸው አንድ ቪዲዮ እንዲልኩ ተጠየቁ። የላኩት ራሳቸው የመረጡትን ነው፤ ማንም ሰው መጥፎ ቀኑን አይልክም። የሠሪው ማንነት ተሸፍኖ በየቪዲዮው ቢያንስ አሥር የሙያ ጓደኞች ነጥብ ሰጡ፤ ሥጋውን እንዴት እንደያዘ፣ መሣሪያው በከንቱ ይንከራተት እንደሆን፣ መርፌው በስንት ሙከራ እንደሚገባ፣ ሥራው ይፍሰስ ወይ ይደናቀፍ። ከአምስት የወጣው ነጥብ ከ2.6 እስከ 4.8 ተዘረጋ። ከዚያ ነጥቡ እነዚህ ሐኪሞች ካከሟቸው ከ10,000 በላይ በሽተኞች መዝገብ ጋር ተያያዘ። ከታች ሩብ የተመደቡት ሐኪሞች በሽተኞች ውስጥ የተወሳሰበ ችግር የገጠማቸው 14.5 በመቶ፣ ከላይ ሩብ ባሉት 5.2 በመቶ ሆነ። የታችኞቹ አንዱን ቀዶ ጥገና ለመጨረስ በአማካይ 137 ደቂቃ ሲወስድባቸው የላይኞቹ በ98 ጨረሱ። በሽተኛ የሞተባቸውም የታችኞቹ በብዙ እጥፍ ይበልጡ ነበር። ጥናቱ በ2013 ሲታተም ያላነበበው ቀዶ ሐኪም የለም ማለት ይቻላል። እውነቱን ለመናገር ሁሉን ነገር እጅ አይወስነውም፤ እነዚያው ተመራማሪዎች ቆይተው፣ ከቀዶ ጥገናው ዓመት በኋላ በሚታየው የክብደት መቀነስ ላይ የእጅ ነጥብ ለውጥ እንደማያመጣ ጽፈዋል። በሽተኛው ከሆስፒታል በሰላም መውጣት አለመውጣቱ ላይ ግን የአንድ ቪዲዮ ምስክርነት ያን ያህል ከባድ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። እኛም 40 ጥያቄያችንን እየመለስን ነው።

ልምድ ይበቃል የሚለው መከራከሪያ ይቀራል። በ2005 የታተመ አንድ ዳሰሳ 62 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ ከግማሽ በሚበልጡት የሐኪሙ የሥራ ዘመን በረዘመ ቁጥር የሥራው ጥራት ዝቅ ሲል አገኘ። በቀዶ ሕክምና በኩል ግን መልሱ እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም። የ2006 አንድ ጥናት ከስድሳ ዓመት በላይ የሆኑ ቀዶ ሐኪሞች እንደ ቆሽት ባሉ ከባድ ቀዶ ጥገናዎች ብዙ በሽተኛ እንደሞተባቸው ያሳያል፤ ልዩነቱ ግን በዓመት ጥቂት ብቻ የሚሠሩት ላይ ያተኮረ ነበር። በ2018 የወጣ ሌላ ሰፊ ጥናት ደግሞ በተቃራኒው አንጋፋዎቹ በጥቂቱ የተሻሉ ሆነው አግኝቷቸዋል። እኔ ከዚህ የምረዳው ዕድሜም የሥራ ዘመንም ምንም እንደማይነግረን ነው። ሽማግሌው ሊበልጥ ይችላል፣ ወጣቱ ሊበልጥ ይችላል። ሳይታይ አይታወቅም።

ልምድ ያለው እጅ አዲስ ነገር ሲገጥመው ምን እንደሚሆን ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሐሞት ከረጢትን በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ ማውጣት አሜሪካ ሲገባ ገበያው ሐኪሙን ቀደመው። ጠባሳ የማይፈልገው በሽተኛ ይጠይቃል፣ የጎረቤቱ ሆስፒታል ጀምሯል፣ ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ በአሳማ ላይ ተለማምዶ በቀጣዩ ሳምንት በሰው ላይ የሚጀምር በዛ። ብዙዎቹ ሰርተፊኬት ያላቸው፣ በክፍት ቀዶ ጥገና የተመሰከረላቸው ሰዎች ነበሩ። ዋናው የሐሞት ቱቦ በስህተት የሚቆረጥበት አጋጣሚ ጨመረ። ይህ ጉዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በማግሥቱ ወደ ቤቷ ትመለሳለች የተባለች ሴት ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዷ በሐሞት ተሞልቶ፣ ለወራት ቱቦ ተሰክቶላት የምትኖርበት ጉዳት ነው። ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በ1992 ጣልቃ ገብቶ ሐኪሞች ብቻቸውን ከመሥራታቸው በፊት ሌላ ሰው እያያቸው እንዲሠሩ የሚል መመሪያ እስከማውጣት ደረሰ። የአሥር ዓመቱ ፈተና ያን ጊዜም ነበር። ማንንም አላስጣለም፤ ምክንያቱም በወረቀት የተጠየቀ ሐኪም ሁሉ የሐሞት ቱቦ የት እንዳለ ያውቃል።

ይህን ሁሉ ከመቶ ዓመት በፊት የተናገረ ሰው ነበር። ኧርነስት ኮድማን የቦስተን ሰው፣ የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ነው። ተማሪ ሳለ ከትምህርት ጓደኛው ከሃርቪ ኩሺንግ ጋር ኤተር ሲሰጡ ማን የተሻለ ያደርጋል ብለው ተወራርደው፣ በዚያው የሰመመን መከታተያ ሠንጠረዥ የጀመሩት እነሱ ናቸው። ኮድማን የሚለው ነገር ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ በሽተኛ ካርድ ይኑረው፣ ከዓመት በኋላ ይጠራ፣ ዳነ ወይ ተብሎ ይጻፍ፤ ካልዳነ ለምን? የሐኪሙ የእውቀት ማነስ ነው? የእጅ ነው? የፍርድ ነው? ሆስፒታሉ ሹመት የሚሰጠው በሥራ ዘመን ርዝማኔ ስለነበር በ1914 ለቀቀ፤ ወዲያው ውጤቴ ከአንጋፋዎቹ ይበልጣልና ዋና ቀዶ ሐኪም አድርጉኝ ብሎ አመለከተ። እርግጥ ነገር ማባባስ ይወድ ነበር። በ1915 በጠራው ስብሰባ ላይ ሰጎን አንገቷን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ለቦስተን ሐኪሞች የወርቅ እንቁላል ስትወረውር የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ገለጠ። ስብሰባውን ከጠራበት የአካባቢው ሐኪሞች ማኅበር ሊቀ መንበርነት ተነሳ፣ ሃርቫርድ ውስጥ የነበረውንም ቦታ አጣ። ራሱ ባቋቋመው ትንሽ ሆስፒታል ግን ያለውን አደረገ፤ ከ1911 እስከ 1916 ካሰናበታቸው 337 በሽተኞች 123 ስህተት ቆጥሮ አሳተመ። የራሱን ስህተት፣ በራሱ ገንዘብ። በ1940 ሞቶ የተቀበረበት ቦታ ላይ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ የቆመው በ2014 ነው።

የሙያ ማኅበሩ ለዚህ ሐሳብ የሰጠው ምላሽ ደግሞ የሚረሳ አይደለም። የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ኮድማንን ተከትሎ ሆስፒታሎችን መረመረ፤ 100 እና ከዚያ በላይ አልጋ ካላቸው 692 ሆስፒታሎች መስፈርቱን ያሟሉት 89 ብቻ ሆኑ። ውጤቱ በ1919 ኒው ዮርክ በዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ስብሰባ ላይ ቁጥሩ ብቻ ተነገረ፤ የሆስፒታሎቹ ስም ዝርዝር ጋዜጠኛ እጅ እንዳይገባ በሌሊት በሆቴሉ ምድጃ ተቃጠለ። የወደቁት ውስጥ የአገሪቱ ስመ ጥር ሆስፒታሎች ነበሩበት።

አሁን ዋናው ተቃውሞ። ሐኪም ከታየ ይፈራል፣ ከፈራ ከባድ በሽተኛ አይነካም ይሉኛል። ትክክል ነው፤ ኒው ዮርክ በልብ ቀዶ ሐኪሞች እጅ የሚሞቱ በሽተኞችን ቁጥር መሰብሰብ ጀምሮ፣ በ1991 ኒውስደይ ጋዜጣ በፍርድ ቤት አስገድዶ በየስማቸው ካወጣው በኋላ፣ አንዳንድ ሐኪም ሊሞት የሚችለውን በሽተኛ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት መሸኘት ጀመረ ተብሎ ተጽፏል። በክፍለ ግዛቱ የሞት ቁጥር ቀንሶ ነበር፤ ግን ስም ባላወጣችው ማሳቹሴትስም ተቀራራቢ ቅናሽ ታይቷል። ስለዚህ እኔ ስማችን ጋዜጣ ላይ ይውጣ አልልም። የሞት ቁጥር በሽተኛውንም ሐኪሙንም ሆስፒታሉንም ቀላቅሎ የሚመዝን ነው፤ በዓመት አምስት ቆሽት የሚሠራ ሰው አንድ ቢሞትበት 20 በመቶ ይባላል። ቪዲዮ ግን በሽተኛው ከባድም ቀላልም ቢሆን እጁን ያሳያል። እንዲያውም ከባዱን በጥንቃቄ የሠራ ሰው የሚመሰገንበት መንገድ እሱ ብቻ ነው።

በየሳምንቱ የሞተብንንና የተወሳሰበብንን በሽተኛ የምንገመግምበት የሞርታሊቲ ስብሰባስ አይበቃም ወይ? እወደዋለሁ፣ ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነው። ግን የተገኘበት ሁሉ እንደሚያውቀው እዚያ የሚቀርበው ታሪክ ራሱ ሠሪው ወይም ሬዚደንቱ የሚተርከው ነው። «አካባቢው ተጣብቆ ነበር፣ ደም ፈሰሰ፣ ተቆጣጠርነው» ይባላል። ለምን ፈሰሰ? መቀሱ የት ነበር? አለቃው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሬዚደንቱ ምን ሊል ነው። ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ምስክር ሆኖ ያለቀ ክርክር ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ስፔሻሊስት የሚያደርገው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ የስፔሻሊቲ ሰርተፊኬቱም አንዴ ተሰጥቶ ያበቃል። በየጊዜው የሚታደሰው የሙያ ፈቃዱ ሲሆን ለእሱ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ፣ ሁሉም ሲፒዲ የሚለው፣ ነጥብ ይጠየቃል። ነጥቡ በአብዛኛው የሚሰበሰበው ሥልጠና ላይ በመገኘት ነው፤ አዳራሽ፣ ባጅ፣ የሻይ ሰዓት፣ ሰርተፊኬት። ቁጥጥር ሳይኖር ከመቅረት ይሻላል። ግን አሜሪካኖቹ ሠርተው የተማረሩበትን ግማሽ ብቻ ተውሰን፣ ቆይተን እንደነሱ እንዳንማረር እሰጋለሁ። ያለብን የሐኪም እጥረት ይታወቃል፤ ካሉት ጥቂት ቀዶ ሐኪሞች ላይ ሌላ ፈተና እንጫን ወይ የሚለኝ አለ። እኔ ደግሞ ወረዳ ላይ ብቻውን የሚሠራው ሰው ነው ከሁሉ በላይ የሚያይለት ዓይን የሚያስፈልገው እላለሁ፤ ከተማ ያለውማ ቢያንስ የሚያማክረው አለው። የላፓሮስኮፒ ማሽን ካለ ካሜራው አብሮ አለ። ለክፍት ቀዶ ጥገና ደግሞ በሽተኛው ከፈቀደና ማንነቱ ከተሸፈነ፣ ኦፕሬሽን መብራቱ ላይ የታሠረ ስልክ ይበቃል።

በእኛም አገር እጅ አይቶ መመስከር እንግዳ አይደለም። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ወደ ሐኪሞቹ ሐምሊን ባልና ሚስት የመጡት የፊስቱላ ታማሚ ሆነው ነው፤ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም ነበር። ድነው እዚያው ቀሩ፣ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ቆመው ማገዝ ጀመሩ፣ በዶክተር ሬጅ ሐምሊን ዓይን ሥር ቀስ በቀስ መሥራት ያዙ፤ ውለው አድረው ዲግሪ ያላቸውን ቀዶ ሐኪሞች የሚያሠለጥኑ ሆኑ። ይህን የማነሳው ወረቀት ይቅር ለማለት አይደለም። ያለ ወረቀት ያ ዓይነት እምነት የተገኘው ለዓመታት በቅርብ ሲታዩ በመኖራቸው ነው ለማለት ነው። ወረቀት ያለን ሰዎች ያን ያህል የታየን ስንቶቻችን ነን?

እንዴት ይደረግ ለሚለኝ እንዲህ እላለሁ። በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ሦስት ቪዲዮ ይበቃል፤ መራጩ ሐኪሙ ሳይሆን ዕጣ ይሁን። ስምና ሆስፒታል ይሸፈን። ሐኪሙን የማያውቁ፣ ያንኑ ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ባልደረቦች ይዩት፤ እሱም በተራው የሌሎችን ይይ። ነጥቡ በመጀመሪያ ለእሱ ብቻ ይነገረው። ዝቅ ያለ ሰው ሰርተፊኬቱ ከመነካቱ በፊት አብሮት የሚገባ የተሻለ እጅ ይመደብለት፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ይታይ። ጊዜ ይወስዳል? ይወስዳል፤ በሁለት ዓመት 40 ጥያቄ የሚሠራበትን ምሽት ለዚህ ማዋል ይቻላል። በሽተኛው ቪዲዮውን ጠቅሶ ጠበቃ ይዞብን ይመጣል የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው፤ ለዚህም የሙያ ጓደኞች ምርመራን ከፍርድ ቤት የሚከልል ሕግ በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ስላለ ቪዲዮውን በዚያ ጥላ ሥር ማስገባት ነው። የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ቦርድ ራሱ በ2021 በፈቃደኞች ላይ የቪዲዮ ምዘና ሙከራ ጀምሮ ስለነበር መንገዱ አይጠፋውም።

አንድ ነገር ብቻ ከ1976ቱ ይለይ። ያን ጊዜ ሕጉ ከታች ተጀምሮ ላይኞቹን ዘለለ። አሁን የመጀመሪያዎቹ ቪዲዮዎች የቦርዱ አባላት፣ የየሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊዎች፣ የሬዚደንት አስተማሪዎች ይሁኑ፤ ትናንት የተመረቀው ልጅ ካሜራ ፊት የሚቆመው እነሱ ነጥባቸውን ከተቀበሉ በኋላ ይሁን።